የኋላውንም የሚይዘው ውል

ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ሰርካለም የሰጠችኝ የኢንሹራንሱን ነገር እንድጽፍበት ነው። «እማዬ፣ ስነግርዎ በደንብ ይሰሙኛል፣ ሲያድር ግን ይጠፋብዎታል፤ ይጻፉት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምስክር ከሞተ ወዲህ የሰማሁት አያድርልኝም።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ብዙ ጽፌ አላውቅም። ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የገባኝን ላስቀምጥ። ልጄ ምስክርና ሚስቱ ሰርካለም ሁለቱም አርክቴክት ናቸው። ናቸው ብዬ ጻፍኩ። እሷ ናት፣ እሱ ነበር። እዚህ ፍኖተ ሰላም የዲዛይን ቢሮ ከፍተው ሲሠሩ ምስክር የተሳፈረበት ሚኒባስ ከቡሬ ሲመለስ ተገለበጠና ልጄ ቀረ። ልጅ ስላልወለዱ ድርሻው ለእናቱ ነው ይላል ሕጉ። እኔ ፕላን ሲያሳዩኝ የትኛው በር የትኛው መስኮት እንደሆነ አልለይም። የግማሽ ቢሮ ባለቤት ነሽ ተባልኩ።

የቢሮው የኢንሹራንስ ውል ሰኔ 30 ያልቃል። ያለ ኢንሹራንስ ትልቅ ሥራ የሚሰጥ የለም። አዲስ መምረጥ አለብን። «አለብን» ያለችው እሷ ናት።


ግንቦት 22

አቶ ጁማ ለለቅሶ ከቡሬ መጡ። የቀብሩ ዕለት መንገድ ተዘግቶ ስለቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ምስክር መጨረሻ የሠራው ትልቅ ሥራ የእሳቸው ፎቅ ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ አልቤርጎ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ከጀርባው አፈሩን የሚይዝ ረጅም የድንጋይ ግንብ አለው። ምስክር ስለ ፎቁ ሳይሆን ስለዚያ ግንብ ነበር ብዙ የሚያወራ።

«እትዬ እማዋይሽ፣ ምን ልበልዎ» አሉ። «ልጅ ሆኖ ሽማግሌ ነበር እኮ። እኔን ራሴን ሲቆጣኝ ዝም ብዬ ነው የምሰማው።»

«ተዉ አቶ ጁማ፣ ዛሬ ዓይኔ ደርቆ ነው የዋለው፣ አያስለቅሱኝ።»

«ይኸው ግንቧም እሱ ሲሄድ ሆዷን ወደ ውጭ ገፋ አድርጋለች። እሱ ቢኖር አንድ ስልክ ይበቃ ነበር» አሉ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በለቅሶ ቤት ይህን ማንሳቴ! ወሬ ነው፣ እርሱት።»

ሰርካለም ጓዳ ተኝታ ነበር። አልነገርኳትም። በስንት ልመና ነው ዛሬ እህል የቀመሰችው።


ግንቦት 25

የአቶ ጁማ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ከፋሲካ በፊት ምስክር ከቡሬ መጥቶ ምሳውን ገፋው። «ምነው?» ስለው፣ «እማዬ፣ ያ ግንብ፣ ውሃው ያሳስበኛል» አለኝ። «ምን አጠፋህ?» አልኩት። ሳቀ። «የሚያሳስብ ሁሉ ጥፋት ነው እንዴ?» ብሎኝ ተነሳ። እናት ግን ታውቃለች። ልጅ ሲያጠፋ ነው እንዲያ የሚስቅ።

ጥፋት ተሸክሞ ሄዶ ይሆን?


ግንቦት 30

ተዝካሩ ዛሬ ወጣ። ጾሙ ሳይገባ ብለን ነው ያፋጠንነው።

እህቴ እናኑ ከሽንዲ መጣች። ጠላውን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ላንድ ወንድ ልጅሽ ድግሱ ይኼ ነው?» አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ።

«ለቢሮው ወረቀት የሚከፈል አለ፣ ሁለቱን አልቻልኩም።»

«ወረቀት ይዘሽ ግቢ ታዲያ መንግሥተ ሰማያት።»

ጠላውን መቅዳቴን ቀጠልኩ። እንዲህ የምትለው ስላመማት ነው። ምስክርን በጀርባዋ ያሳደገችው እሷ ናት።

ጸሎቱ ሲያልቅ እንደ አገራችን ልማድ ተነሳሁ። «ልጄን የተቀየማችሁ፣ እሱ ያስቀየማችሁ ካላችሁ ፍቱልኝ» አልኩ። ሰዉ ሁሉ «እግዚአብሔር ይፍታው» አለ። ሌላዋ እናት እዚያ ላይ ነው የምትቀመጥ። እኔ አልተቀመጥኩም። አቶ ጁማ ለሙስሊም እንግዶች ባዘጋጀነው በኩል ተቀምጠው አየኋቸው። ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«ልጄ በዚያ ግንብ ተጨንቆ ነው የሞተ። ጥፋቱ የእሱ ነው። እሱን ይፍቱልኝ፣ ቀሪው በእኔ ይሁን» አልኩ።

«ኧረ በአላህ ይነሱ!» ብለው ራሳቸው አነሱኝ። «እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ። አላህም አውፍ ይበለው።»

ግንቡን የገነባው ታከለ፣ የቡሬው ኮንትራክተር፣ ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር። ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። «እንዲህ የምትናገር እናት ዛሬ የት ትገኛለች» አለ። የነፍስ አባታችንም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ሰርካለም ውስጥ ከቢሮ ጓደኞቿ ጋር ነበረች። አላየችም። ይሻላል።

ከሞተ ወዲህ ዛሬ ገና ደረቴ ቀለል አለኝ። ለልጄ አንድ ነገር አደረግሁለት።


ሰኔ 5

የኢንሹራንስ ወኪሉ መጣ። ቴዎድሮስ ይባላል። ሞተሩን ደጅ አቁሞ፣ ጥቁር ቦርሳ አንግቶ፣ አንዴ ሳያርፍ የሚናገር ልጅ ነው። እንደ ደህና አስተማሪ ግን ያስረዳል።

«እማማ፣ ይኼ የመኪና ኢንሹራንስ አይደለም። መኪና ሲጋጭ ወዲያው ይታያል። የአርክቴክት ስህተት ግን ዓመታት ተኝቶ ሊነሳ ይችላል።»

«እንደ ቂም ነው በለኛ።»

«እንደ ቂም!» ብሎ ጭኑን መታ። «እማማ፣ እርስዎ እኛ ቢሮ ይቀጠሩ።»

ሰርካለም ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

የገባኝን ልጻፍ። ሁለት ምርጫ አለን።

አንዱ የድሮው ድርጅት ነው። «ምስክር ስለሌለ የእሱን ሥራ አንይዝም፤ ከሐምሌ ጀምሮ ሰርካለም የምትሠራውን ብቻ እንይዛለን» ይላል። ክፍያው ቀላል ነው።

ሁለተኛው የቴዎድሮስ ድርጅት ነው። ክፍያው ይከብዳል። ግን የኋላውንም ይይዛል። ምስክር የሠራቸውን ቤቶች ሁሉ። በአንዱ ላይ ነገ ሰው ካሳ ቢጠይቅ እነሱ ይቆማሉ። ጥፋት ባይኖር እንኳ ጠበቃ አቁመው ይከራከሩልናል። የቢሮው ኮምፒዩተር ቢሰረቅ፣ ሠራተኛ ቢጎዳ፣ ያም በሌላ ውል ለብቻ ይያዛል አለ።

ሰርካለም በእርሳስ ስታሰላ ቆየችና፣ «እማዬ፣ የመጀመሪያው ይቀልለናል። ግን እፈራለሁ» አለች።

«ልጄን ከውል ውጭ አታድርጊብኝ» አልኳት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ቴዎድሮስ ያለው ሁሉ ጠፍቶኝ የቀረኝ «የኋላውንም ይይዛል» የሚለው ነው።


ሰኔ 12

የወራሽነት ማስረጃው ተሰጠኝ። ዳኛው ሴት ናቸው። «እናት ልጇን መውረሷ ከባድ ነው» አሉኝ ሲያቀብሉኝ። ሰው ፊት አላለቀስኩም። ደጅ ወጥቼ ነው።


ሰኔ 18

ዛሬ ቅጹ ተሞላ። ሰርካለም ብዙውን ቀድማ ሞልታው ነበር። የተሠሩ ሥራዎች፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ፎቅ። ቴዎድሮስ መጨረሻ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አሁን የምጠይቀው ከሁሉም ይበልጣል። ሁለታችሁም ባለቤት ስለሆናችሁ ሁለታችሁም ትመልሱልኛላችሁ። ወደፊት የካሳ ጥያቄ ሊያነሳ የሚችል የምታውቁት ነገር አለ? ስንጥቅ፣ ቅሬታ ያሰማ ባለቤት፣ ጸብ? ካለ አሁን ተናገሩ። የድሮው ውል እስከ ሰኔ 30 በሕይወት አለ፣ ለእነሱ ታስመዘግቡና እነሱ ይይዙታል። ከዚያ ካለፈ ግን እነሱም የሉም፣ እኛም አውቃችሁ የገባችሁበትን አንይዝም።»

«እኔ የማውቀው የለም» አለች ሰርካለም። ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ ምስክር ለእርስዎ ያለው ነገር አለ?»

የአቶ ጁማ ግንብ ትዝ አለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ያ አልቋል። በተዝካሩ ላይ፣ በካህናት ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት አልቋል። ይቅር የተባለውን መልሶ ማንሳት ደግሞ ነውር ነው፤ ይቅርታውን እንዳላመንኩት ይሆናል። የልጄን ስም ለማያውቀው ወኪል በጥፋት ማስጻፍም አልቻልኩም።

«የለም» አልኩ። «ምስክር ከማንም ጋር አልተቀያየመም። ሁሉም ፈትቶታል።»

ቴዎድሮስ «እንደሱ ነው ጥሩ» ብሎ ጻፈ።

ፈረምኩ። ፊርማዬ ትልቅ ነው፤ ከመስመሩ ይወጣል።


ሰኔ 27

ተከፈለ። ማኅተም ተመታ። ውሉን በፕላስቲክ አድርጋ ቢሮ ሰቀለችው። የአዴቱ የአዳራሽ ሥራ ይሰጠናል አለች። ዝናብ ነው፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ቸኩያለሁ፣ በቃ።


ሐምሌ 3

ሰርካለም እራት በላች። ከዚያ ስለ አዳራሹ ጣሪያ ነገረችኝ። ምንም አልገባኝም። ዝም ብዬ ሰማኋት። ምስክርም እንዲህ ያወራኝ ነበር፣ እንዳልገባኝ እያወቀ።


ሐምሌ 9

ግንቡ ወደቀ።

አቶ ጁማ ደውለው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጠዋት ላይ። ከታች ያለች የአንዲት ሴት ቤት ላይ ነው የወደቀ። ሴትየዋ በሕይወት አለች አሉ። ሰርካለም መኪና ፍለጋ ወጣች። እኔ ከዚህ ወዲያ መጻፍ


ሐምሌ 11

ትናንት ቡሬ ደረስን። መንገዱ ስለተለቀቀ ነው።

ሴትየዋ ዓባይነሽ ትባላለች። ባሏ የሞተ፣ ልጆቿ የራቁ፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር። እኩያዬ ናት። ሆስፒታል ተኝታለች፤ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ።

«የማን ነሽ አንቺ?» አለችኝ።

«የ… ፎቁን ያወጣው መሐንዲስ እናት ነኝ።»

«ያ የሞተው?»

«አዎ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ተኝታ፣ እግሯ ተሰቅሎ፣ እሷ እኔን አጽናናችኝ። ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላት።

ሰርካለም ግንቡ ከወደቀበት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መጣች። ድምጿ ተለውጧል። «ቱቦ የለበትም» አለች። «አንድም የለበትም።»

«ምን ቱቦ?»

«ውሃው የሚወጣበት እማዬ! በፕላኑ ላይ አለ። ምስክር ሦስት ረድፍ አድርጎ ነው የሳለው። ታከለ አላስገባም። ከግንቡ ኋላ የሚከመረው ጠጠርም የለም። ውሃው መውጫ አጥቶ ነው የገፋው። ግንበኞቹ አሁን ነው የነገሩኝ፤ ምስክር ታከለን 'ቱቦው የት አለ?' እያለ ስንቴ ተመላልሷል። ለዚህ ነበር ቡሬ የሚሄደው። ያን ቀንም ለዚሁ ነበር የሄደው።»

እኔ መቀመጫ ፈለግሁ።

ውሃው ያሳስበኛል ነበር ያለኝ። ውሃው። ምን አጠፋህ አልኩት እኔ።


ሐምሌ 16

ቴዎድሮስ መጣ። «አይዟችሁ፣ ለዚህ ቀን ነው የከፈላችሁ። ፕላኑ ላይ ቱቦው ካለ ድርጅታችን ታከለን ይዞ ይሞግታል። እስከዚያው ለተጎጂዋም መንገድ ይፈለጋል» አለ። ፎቶ አነሳ፣ ወረቀት ያዘ።

ሰርካለም ቀን ላይ ተኛች። ደጁ ላይ ተቀምጬ ዶሮዎቹን አባረርኩ፣ እንዳይቀሰቅሷት።

ለሰርካለም የተዝካሩን ነገር ልነግራት ብዬ ተውኩት። ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?


ሐምሌ 25

ቴዎድሮስ ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ። ከዚያ ወጥቶ አጠፋው። እንደገና ገባ። ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም።

«ታከለ የምስክርነት ቃል ሰጥቷል» አለ። «'የመሐንዲሱ ወራሽ ጥፋቱ የልጄ ነው ብላ በአደባባይ አምናለች፣ ካሳውንም በእኔ ይሁን ብላለች' ይላል። ካህናትና ሽማግሌዎችን ምስክር ቆጥሯል። እማማ፣ በተዝካሩ ላይ ምን ብለው ነበር?»

ሰርካለም ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን እስካሁን አየዋለሁ። አልተቆጣችም። አልገጥም ያላትን ሂሳብ ደጋግማ የምታሰላ ነው የምትመስል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ጁማ ለለቅሶ መጥተው ያሉትንም።

«ሆዷን ገፋች ያሉት መቼ ነው?» አለ ቴዎድሮስ፣ ቀስ ብሎ።

«ከተዝካሩ በፊት።»

«ቅጹን ከመሙላታችን በፊት።»

«አዎ።»

«ጠይቄዎት ነበር እኮ እማማ።»

«ይቅር ተብሎ ነበር» አልኩት።

ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። «በዚያን ቀን አንዲት ቃል ብትነግሩኝ ለድሮው ድርጅት እናስመዘግበው ነበር። ያኔ ተይዞ ነበር። አሁን እነሱ ውሉ አልፏል ይላሉ፣ የእኛዎቹ አውቀው ደብቀዋል ይላሉ።»

ደብቀዋል አለ። እኔ የደበቅሁት ነገር የለም። ሁሉ ሰው እየሰማ ነው የተናገርኩት። ከሰርካለም በቀር።


ሐምሌ 26

ያን የጋቢ ጫፍ አስባለሁ። የታከለን። ዓይኑን ሲጠርግበት።


ሐምሌ 30

ብቻዬን ቡሬ ሄድኩ። ለሰርካለም ዓባይነሽን ልጠይቅ ነው አልኳት። ጠይቄያታለሁም። ከዚያ አቶ ጁማ ሱቅ ሄድኩ። ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ምነው ቆመው? ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ልለምንዎ ነው የመጣሁ። የኢንሹራንሱ ሰዎች ሲጠይቁዎት ያን ቀን ያልኩትን አልሰማሁም ይበሉልኝ።»

ሚዛኑን ወደ ጎን ገፉት።

«ዱቄት ያለ ዋጋ ልሰጥዎት እችላለሁ፣ ይህን ግን አልችልም» አሉ። «የሴትየዋን የሆስፒታል እኔ ከፍያለሁ፣ አላህ ያውቃል፣ አልጸጸትም። የወደቀው ግንብም የእኔ ነው፣ ካሳ አልጠየቅሁበትም። ግን ያን ቀን አውፍ ያልኩት ለአላህ ብዬ ነው። እግሬ ሥር ወድቀው አውፍ ብያለሁ። አልሰማሁም ካልኩ አውፍ ማለቴ የት ሄደ? ልጅዎ ምስክር ይቅር መባሉስ የት ይቀራል?»

ልክ ናቸው። እንዲህ ልክ የሆነ ሰው ፊት ሐሰት መለመኔ ነው ያቃጠለኝ።

ስወጣ ሙዝ አስቋጠሩልኝ። ተሳፍሬ ጭኔ ላይ አድርጌው መጣሁ።


ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴ አስቀድሼ የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አልተናገርኩም ብል ኃጢአት ነው?»

«ነው» አሉ።

«ያላጠፋውን አጠፋ ብዬ ስለ ልጄ መናገሬስ?»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በኋላ «ሳታውቂ ነው» አሉ። ሳላውቅ ነው። ይህን ለዓባይነሽ እግር ማን ይነግርልኛል?


ነሐሴ 12

የኢንሹራንሱ መርማሪ ከባሕር ዳር መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ትሑት ነው፣ መነጽሩን እየደጋገመ ይጠርጋል። ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን። ምስክር የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው ወረቀቱን የዘረጋው።

ጠዋት ሰርካለም ሻይ ስታቀርብልኝ «እማዬ፣ የሚመልሱትን እኔ አልነግርዎትም» ብላኝ ነበር። ምነው በነገረችኝ። አልተናገርኩም በይ ብትለኝ እሺ የምል ይመስለኛል። ተናገሪ ብትለኝም እሺ ነው የምል። እሷ ሻይ ቀድታ ወጣች።

መርማሪው ብዙ ጠየቀ። በመጨረሻ «እናቴ፣ ጥፋቱ የልጄ ነው ብለዋል ወይስ አላሉም?» አለ።

እንዲህ አልኩት፤ አሁን ሳስበው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። «ብያለሁ። ግን መሐንዲስ ሆኜ አይደለም ያልኩት። ስለ ግንብ የማውቀው የለም። እናቱ ሆኜ፣ ነፍሱ እንዳትጉላላብኝ ብዬ ነው። ያላጠፋውንም ቢሆን ያስፈታሁለት መስሎኝ ነው። የቢሮ ባለቤት መሆኔ ያን ቀን ትዝም አላለኝ። እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

አንገቱን ነቀነቀ። ያዘነልኝ ይመስለኛል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጻፈና እንድፈርም አዞረልኝ።

አነበብኩት። «ብያለሁ» ይላል። ሌላው የለም።

«የቀረውስ?» አልኩት።

«የተጠየቀው ብለዋል ወይስ አላሉም ነው እናቴ። ሌላው ከጥያቄው ውጭ ነው» አለ።

ሰርካለምን ፈልጌ ወደ በሩ ዞርኩ። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ፈረምኩ።


ነሐሴ 27

ደብዳቤው መጣ። ውሉ አይሸፍነንም። ጠበቃም የለም።

የአዴቱ አዳራሽ ሥራ ለሌላ ተሰጠ። ታከለ ሌላ ቦታ ግንብ እየገነባ ነው አሉ።

እናኑ ከሽንዲ ደወለች። «ጠላሽን ስለተናገርኩ አትቀየሚኝ» ብላ አለቀሰች። ከሁሉም የቀለለው እሱ ነበር አልኳት።


ጳጉሜን 3

ሰርካለም ባሕር ዳር በደሞዝ ልትቀጠር ነው። በሰው ቢሮ። ዕቃዋን ሸከፈች። ረዳኋት። ልብሷን ስናጣጥፍ የምስክር ሹራብ በመሃል ወጣ። እሷም አልያዘችውም፣ እኔም አልያዝኩትም። አልጋው ላይ ቀረ።

«ተቀይመሽኛል?» አልኳት።

«አልተቀየምኩም እማዬ። ደክሞኛል።»

«ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

በር ላይ ጉልበቴን ስማ ሄደች። ከዚያ ጀምሮ የጉልበቴን ቦታ እነካለሁ።


መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሆስፒታሉ ዓባይነሽን ውጪ አላት። መውጫ እንጂ መግቢያ የላትም። ቤቷ የድንጋይ ክምር ነው። ካሳውን ፍርድ ቤት ይወስናል ተባለ፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው። አቶ ጁማ ለጊዜው ክፍል ልከራይላት አሉ። እኔ ግን «በእኔ ይሁን» ብያለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ብያለሁ። ስለዚህ አመጣኋት። ምስክርና ሰርካለም የነበሩበት ክፍል ውስጥ አስተኛኋት።

አቶ ጁማ መኪናቸውን ሰጡን። አራት ሰው ነው ተሸክሞ ያስገባት። «እንዳታስቸግርሽ» አሉኝ ጎረቤቶቼ። አታስቸግርም። የሰጠኋትን ትበላለች፣ ትመርቀኛለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።


መስከረም 11

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። መስከረም ነው፣ አባራ ብለን ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲመታ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ሽሮውን ጥጄ ዓባይነሽ ደጋግማ ስትጠራኝ ሰማሁ። ስገባ ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ይዛዋለች። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው።

«ይህን ቤት ማን ነው የሠራው?» አለችኝ።

«ልጄ ነው» አልኳት። ሳላስብ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። እውነት ነው፣ ይህን ክፍል ገና ተማሪ ሳለ ነው ያወጣው፤ መሠረቱን ሲያስቆፍር ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይለካ ነበር።

ዝናቡ በረታ።

«ያው ያ ልጅሽ? ግንቡን ያወጣው?»

«ግንቡ የእሱ ጥፋት አይደለም ዓባይነሽ። ቱቦ አስገባ ብሎ ነበር፣ ኮንትራክተሩ ነው አላስገባም ያለው። ልጄ ያንን ሊያስተካክል ሲመላለስ ነው የሞተው።»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የልጄ ጥፋት ነው ያልሽው?» አለች። ለነገር አይደለም። እንዲሁ ስትጠይቀኝ ነው። «ሰው ሁሉ ሰምቷል ሲሉ ሰማሁ።»

«ሳላውቅ ነው ያልኩት።»

«አሁንስ አውቀሽ ነው?»

ይህን ቤት የሚያውቀው እሱ ነበር። ሰርካለምም ታውቅ ነበር፤ ባሕር ዳር ናት። እኔ አይወድቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። የእኔ ቃል ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ። ቢወድቅስ? ባይወድቅስ ማን ያምነኛል?

«እባክሽ አልጋዬን ወደ በሩ አስጠጊልኝ» አለች።

ብቻዬን ጎተትኩት። ወለሉን እየፋቀ መጣ። እግሯ እንዳይነካ በአንድ እጄ ደገፍኩላት። ከበሩ ስናደርሰው በሩን ክፈቺው አለችኝ። ከፈትኩት። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ብርድ ልብሷ ላይ ይረጭ ጀመር። ዝጊው አላለችኝም። እኔም የልጄን በር ይዤ፣ ሁለታችንም እየረጠብን፣ እስኪያባራ ድረስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።